መርዶ በስልክ ሲመጣ፦ በሰሜን ሸዋ ታሪክን መናገር መቼ ይፈውሳል?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሰሜን ሸዋ "ትራውማ" የሚለው ቃል ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቡና ላይ ደርሷል። ሥልጠና ሰጪዎች ይመጡና "የደረሰባችሁን ተናገሩ፣ ሲወጣ ይቀልላችኋል" ይላሉ። ማይክ የያዘ ወጣት ይመጣል። እሱም "ታሪክዎን ለሕዝብ ያድርሱ" ይላል። ሽማግሌው በበኩሉ "ያለፈውን አታንሱ፣ ቁስል አትነካኩ" ይላል። የነፍስ አባት ደግሞ "ጸልዩ፣ ለእግዚአብሔር ንገሩት" ብለው ይመክራሉ። አራቱም የሚያናግሩት አንድ ሰው ነው። ቤቷ የተቃጠለባትን፣ ወንድሟን ያጣችውን ሴት። ማንን ትስማ?

አራቱም ጋ እውነት አለ፤ አራቱም ጋ አደጋም አለ። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማሳየት ይሞክራል። ከወዲሁ አቋሜን ልናገር። መናገር በራሱ መድኃኒት አይደለም። ለማን እንደተነገረ፣ መቼ እንደተነገረ፣ በማን ፈቃድ እንደተነገረ ነው መድኃኒት ወይም መርዝ የሚያደርገው። ሰሜን ሸዋ ይህን የሚጠብቅበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጦርነቱ ሰውንና ቤትን ብቻ ሳይሆን ያንን ሥርዓትም ጎድቶታል።

የጉዳቱ ልክ

አጣዬ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተቃጠለች። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ የደብረ ሲናን አካባቢ ነካ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግጭት መጣ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚህ ሁሉ መሐል ደብረ ብርሃን ከወለጋ የተፈናቀሉትን፣ ከአጣዬ የሸሹትን፣ ከገጠር ቀበሌ የመጡትን ስታስጠልል ቆይታለች። አንዱ ሐዘን ሳያልቅ ሌላው ተደርቧል።

ይህ በሰው አእምሮ ላይ ምን ያደርጋል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምት አለ። ግጭት ባለባቸው ወይም ባለፉት 10 ዓመታት በነበረባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ የሚሆኑት አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለባቸው። ከ5 ሰው 1 ማለት ነው። ቁጥሩ ከባድ ነው። ግን ገልብጠንም እንየው። ከአምስቱ አራቱ ያዝናሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ፤ በሕክምና ቋንቋ ግን ሕሙማን አይደሉም።

ስለዚህ ቃሉን እናጥራው። ትራውማ ማለት ሕይወትን አደጋ ላይ የጣለ ክስተት በሰው ውስጥ የሚተወው የሥነ ልቦና ቁስል ነው። ሐዘን ሌላ ነው። ሐዘን የፍቅር ዋጋ ነው፤ በሽታ አይደለም። ድኅረ አደጋ ጭንቀት የሚባለው ደግሞ በሐኪም የሚለይ ሕመም ነው። የሆነው ነገር ካለፈ ከወር በላይ እየተመላለሰ ሲመጣ፣ ሰውየው ከሚያስታውሰው ነገር ሁሉ ሲሸሽ፣ ሰውነቱ ሁልጊዜ ለድንጋጤ ተዘጋጅቶ ሲቀር ነው። ሦስቱን ስንቀላቅል ሐዘንተኛውን ሁሉ በሽተኛ እናደርጋለን፤ በእውነት የታመመውን ደግሞ "ሐዘን ነው፣ ያልፋል" ብለን እንተወዋለን።

ያልተቋጨ ትዝታ እንዴት ይሠራል?

አንዲት ሴት ቡና ልትቆላ ተቀምጣለች እንበል። ፍሬው ጠቆር ሲል ጢሱ ቤቱን ይሞላል። በዚያች ቅጽበት ልቧ መምታት ይጀምራል፣ እጇ ይርዳል፣ ምጣዱን ጥላ ልትሮጥ ይቃጣታል። ዛሬ ደብረ ብርሃን እንዳለች ታውቃለች። ሰውነቷ ግን ያ ቤት በተቃጠለበት ሌሊት ውስጥ ነው።

የዘርፉ ሰዎች ይህን ሲያስረዱ ትዝታን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው የሚቃጠለው ትዝታ ነው፤ ሽታው፣ ድምፁ፣ የልብ ምቱ። ሁለተኛው የቀዘቀዘው ነው፤ መቼ ነበር፣ የት ነበር፣ ከዚያ በፊት ምን ሆነ፣ ከዚያስ በኋላ። በተለመደ ሕይወት ሁለቱ ተያይዘው ይቀመጣሉ። በከባድ ፍርሃት ጊዜ ግን የመጀመሪያው ጠልቆ ይታተምና ሁለተኛው ይበጣጠሳል። ስለዚህ ጢሱ ሲሸት ትዝታው "ያኔ" ሆኖ አይመጣም፤ "አሁን" ሆኖ ይመጣል።

ታሪክ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ታሪክ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ አለው። ሴትየዋ "ማክሰኞ ነበር፤ ልጆቹ እራት በልተው ነበር" ብላ ጀምራ "ከዚያ በኋላ ሲነጋ መንገድ ላይ ነበርን" ብላ ስትጨርስ፣ ያንን ሌሊት በሌሎች ቀናት መሐል አስቀመጠችው። ሌሊቱ አበቃ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው።

በጀርመን የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች፣ ማጊ ሻወር፣ ፍራንክ ኖይነርና ቶማስ ኤልበርት፣ በዚህ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ሠርተዋል። ናሬቲቭ ኤክስፖዠር ቴራፒ ይባላል፤ ታሪክን አንድ በአንድ በመተረክ የሚሰጥ ሕክምና ማለት ነው። ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል። ገመዱ የሰውየው ዕድሜ ነው፤ ከልደት እስከ ዛሬ። ደስ ያለው ቀን ላይ አበባ ያስቀምጣል፣ የከፋው ቀን ላይ ድንጋይ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየተረከ ይሄዳል። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ አይዘለልም፤ አድማጩ አብሮት ይቆማል። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ዩጋንዳ ውስጥ ባሉ 43 የሱዳን ስደተኞች ላይ ተሞክሮ ነበር። ከዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ከታከሙት ውስጥ ሕመሙ ያልለቀቀው 29 በመቶውን ብቻ ነው። ለማነጻጸር ሌሎች ሁለት የእርዳታ መንገዶች ከተሰጧቸው ግን 80 በመቶ ገደማውን አልለቀቀም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። አበባዎቹንም ልብ በሉ። ሰውየው ድንጋይ ብቻ የተደረደረበት ገመድ አይደለም።

ሌላ ዓይነት ማስረጃም አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ተማሪዎችን በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር አጻፋቸው። ሲጽፉ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ሐኪም ቤት የሄዱት ያነሰ ጊዜ ነበር። በኋላ ጽሑፎቹ ሲመረመሩ ደግሞ አንድ ነገር ታየ። ይበልጥ የተሻላቸው ከመጀመሪያው ቀን ወደ አራተኛው ሲሄዱ "ምክንያቱም"፣ "ገባኝ"፣ "ስለዚህ" የሚሉ ዓይነት ቃላት እየጨመሩ የሄዱት ናቸው። ያንኑ ሐዘን በዚያው ቃል ደጋግሞ ማለት ብዙም አልጠቀመም። ታሪኩ መንቀሳቀስ ነበረበት።

በእኛ ቋንቋ "እስኪ አጫውቺኝ" ይባላል። "የሆዴን አጫወትኩት፣ ቅልል አለኝ" ይባላል። ማጫወት መተረክም ነው፣ አብሮ መሆንም ነው። አድማጭ የሌለው ጨዋታ የለም። ተመራማሪዎቹ በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን ይህ አንድ ግስ ይዞታል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

መርዶ፣ ልቅሶ፣ አርባ

በመንዝ፣ በተጉለት፣ በይፋት፣ በቡልጋ ሞት ዝም ብሎ አይነገርም። መርዶ ነጋሪ ይመረጣል። ሽማግሌ፣ የነፍስ አባት፣ የቅርብ ዘመድ ይሰባሰባሉ። ክፉ ወሬ ማታ አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል። ጠንከር ያሉ ሴቶች በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ፤ ብትወድቅ የሚይዟት እነሱ ናቸው። ውኃ ይዘጋጃል። ቃሉም በአንዴ አይወረወርም፤ "ታሟል" ተብሎ ይጀመርና ቀስ እያለ ይደርሳል። መርዶው ሲወጣ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ሐዘንተኛዋ ብቻዋን የምትሆንበት አንዲት ደቂቃ የለችም።

ከዚያ ልቅሶ። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀርባል። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ሕይወት ትተርካለች፤ የማን ልጅ እንደነበር፣ እርሻው፣ ደግነቱ፣ እንግዳ አቀባበሉ። ፎቶውና ጋቢው ይያዛል። የሰው ሕይወት በግጥም ይጠቃለላል፤ ለቀስተኛው ደግሞ በለቅሶ ይመሰክራል። ከዚያ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። በመጨረሻ ዘመድ መጥቶ "በቃሽ" ብሎ ጥቁሩን ያስወልቃታል። በይፋት ሙስሊሞች ዘንድም እንዲሁ ልክ አለው። ሦስት ቀን ተዕዚያ ይቀመጣሉ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ፣ ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው።

ይህን በሕክምና ዓይን ስናየው የሚገርም ነው። ታሪኩ በተደጋጋሚ ይነገራል፤ ግን በየጊዜው እየራቀ፣ በየጊዜው በሌላ መልክ። በሰልስት የሚነገረው ሞቱ ነው። በአርባ ስለ ሰውየው ይነገራል። በሙት ዓመት ደግሞ ሰው ይስቃልም፤ የሟቹ ቀልድ ይነሳል። ታሪኩ ራሱ በቀጠሮ ይንቀሳቀሳል።

እንግዲህ ጦርነቱ ያበላሸው ይህን ነው። መርዶ በፌስቡክ መጣ። እናት የልጇን ፎቶ "ነፍስ ይማር" ከሚል ጽሑፍ ጋር ስልክ ላይ አየች፤ አጠገቧ የሚይዛት ሰው ሳይኖር። ጥይት በሚተኮስበት ሰፈር ድንኳን አልተተከለም። መንገድ ተዘግቶ ዘመድ አልደረሰም። የተቀበሩት በጥድፊያ ተቀበሩ። የሸሹት ደግሞ እድራቸው ተበተነ፤ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ መጠለያ ድንኳን ውስጥ። አርባውን ማን ያውጣ? በየት?

ከሁሉ የከፋው የጠፉት ናቸው። የሞተም ያልሞተም ያልታወቀ ልጅ ያላት እናት ልቅሶ መቀመጥ አትችልም። ልቅሶ ብትቀመጥ በገዛ እጇ የገደለችው ይመስላታል፤ ሟርት ነው። ባትቀመጥ ደግሞ በየሌሊቱ በር የተንኳኳ ይመስላታል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን "ያልለየለት እጦት" ሊባል በሚችል ስም ለይተው ያጠኑታል። ሕመሙ ከሰውየው ድክመት አይመጣም፤ ነገሩ ራሱ ስላልለየ ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ እናት "እርምሽን አውጪ" ማለት ጭካኔ ነው። "ይመጣል" ብሎ መሸንገልም ሌላ ጭካኔ ነው። የሚጠቅመው ሁለቱንም እንድትይዝ መፍቀድ ነው፤ ተስፋውንም፣ ሐዘኑንም። ስለ ልጇ እንድታጫውት መጠየቅ ይቻላል። ስለ መጥፋቱ ሳይሆን ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለሚወደው ምግብ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ሐሳብ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያን ወገን ይመጣል። ደረት መድቃትና ፊት መንጨት፣ ተስፋ እንደሌለው ሰው መጮኽ ከትንሣኤ እምነት ጋር አይሄድም የሚል። ትምህርቱ የቆየ ነው፤ ሰውነትን ስለ መጉዳት የሚለው ደግሞ ትክክል ነው። ነገር ግን ትርፉን ለመከልከል ሲባል ልቅሶውን በሙሉ ማሳጠር ያልተፈለገ ውጤት ያመጣል። ሰው የሚተርክበት ሰዓት ይጠፋል።

ጸሎት ምን ይጨምራል?

ታሪክ "ምን ሆነ?" ለሚለው መልስ ይሰጣል። "ለምን እኔ ላይ?" የሚለው ግን ይቀራል። ሰሜን ሸዋ ላይ ይህ ጥያቄ የሚሄደው ወደ ሐኪም አይደለም። ወደ ነፍስ አባት፣ ወደ ጸበል፣ ወደ ዱዓ ነው።

ዳዊት የሚደግም ሰው የሚደግመው ምስጋና ብቻ አይደለም። "እስከ መቼ?" የሚል አቤቱታ ነው፣ ክርክር ነው፣ እንባ ነው። ሐዘንተኛ የራሱን ቃል ሲያጣ የተዘጋጀ ቃል ያገኛል። ቁጣውን ለእግዚአብሔር መናገር ኃጢአት እንዳልሆነ ከዚያው ይማራል። በይፋት በወዳጃ ላይ ተሰብስበው ሲቀመጡ ደግሞ አንዱ ጭንቀቱን ይናገራል፣ ሌላው ዱዓ ያደርግለታል፣ ቀሪው "አሚን" ይላል። የአንድ ሰው ጭንቀት በአንዴ የብዙ ሰው ጸሎት ይሆናል።

ጸበል ቦታም እንዲሁ። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም የሄደ ሰው ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። እዚያ የማይቀረው ጥያቄ "ምን ሆነህ መጣህ?" ነው። ጸበልተኛው ይናገራል፤ አጠገቡ ያለውም የራሱን ይናገራል። ማንም ማንንም አይንቅም፤ ሁሉም ሕመም ይዞ የመጣ ነው። ውኃው ስለሚሠራው ነገር ሳይንስ የሚለው አለ፣ እምነት የሚለው አለ፤ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ያ የጭውውት ሰዓት ግን ከፈውሱ አንድ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም መንፈሳዊነት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኬኔት ፓርጋመንት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሃይማኖትን መጽናኛ በሁለት ከፍለው አጥንተዋል። "እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው፣ አብሮኝ ይሸከማል" የሚል ሰው በአመዛኙ የተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛል። "እግዚአብሔር ቀጣኝ፣ ተወኝ" የሚለው ደግሞ ወደ ባሰ ድባቴ ያዘነብላል። እምነቱ አንድ ነው፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ "በኃጢአታችን ነው የመጣብን" የሚል አጽናኝ ምን ያህል እንደሚጎዳ ቢያስብበት ጥሩ ነው። ኢዮብን የጎዱት ወዳጆቹም እንዲህ ነበር ያሉት።

ትርጉም ከላይ ሲጫን ምን እንደሚሆን ደብረ ብርሃን ራሷ ትመሰክራለች። በ15ኛው መቶ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከጥቂት ሳምንታት በፊት መናፍቃን ተብለው በድንጋይ ለተወገሩት ሰዎች ቅጣት የእግዚአብሔር ይሁንታ ነው ብለው ተረጎሙት። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታውም በብርሃኑ ተሰየመ። ያንኑ ብርሃን የሟቾቹ ቤተሰቦች እንዴት አድርገው እንዳዩት ማን ጠየቀ? ለአንድ ክስተት ትርጉም መስጠት ያለበት የደረሰበት ሰው ነው። ካህን፣ ሼህ፣ ባለሙያ ሊያግዘው ይችላል፤ ሊተካው አይችልም።

መናገር የሚጎዳበት ጊዜ

"ሲወጣ ይቀልላል" የሚለው አባባል አንድ ትልቅ ስህተት አለበት። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በምዕራቡ ዓለም ሰዎች አደጋ በደረሰባቸው በቀናት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁሉን እንዲናገሩ የሚያደርግ ዘዴ ተስፋፍቶ ነበር። ዲብሪፊንግ ይባላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማንን ተከታተለ። ከ13 ወር በኋላ ዲብሪፊንግ ከተደረገላቸው 26 በመቶው የድኅረ አደጋ ጭንቀት ነበረባቸው። ካልተደረገላቸው ግን 9 በመቶው ብቻ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አይመክርም። የሚመክረው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ ነው፤ ደኅንነት፣ ምግብ፣ ዘመድ ማገናኘት፣ ሰውየው ሊናገር ከፈለገ ማድመጥ። ካልፈለገ አለመጎትጎት። መርዶ ነጋሪዎቹ የሚያደርጉት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ጸድቋል፤ አገራዊ ምክክርም ተጀምሯል። ስለዚህ የሰሜን ሸዋ ሰው ወደፊት በመድረክ ላይ እንዲመሰክር ሊጠየቅ ይችላል። በደቡብ አፍሪካ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ሲቀመጥ "መግለጥ መፈወስ ነው" የሚል መፈክር ነበረ። ከዚያ በኋላ የተሠራ ጥናት ግን በኮሚሽኑ ፊት በመሰከሩትና ባልመሰከሩት ተጎጂዎች መካከል በድባቴም በጭንቀትም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በሩዋንዳ ጋቻቻ በተባለው የመንደር ችሎት የመሰከሩ ሰዎች ካልመሰከሩት የባሰ ሕመም ታይቶባቸዋል። በሴራሊዮን 200 መንደሮች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ሁለቱንም ገጽ አሳየ። የእርቅ መድረክ የተካሄደባቸው መንደሮች ውስጥ ይቅርታና ማኅበራዊ ትስስር ጨመረ፤ የሰዎቹ የአእምሮ ጤና ግን ቀነሰ።

ይህ ምስክርነት አይጠቅምም ማለት አይደለም። ፍትሕ ያለ ምስክር አይቆምም። ግን ለፍትሕ መናገርና ለመዳን መናገር ሁለት ነገር ናቸው። ችሎት የሚፈልገው "ማን? ስንት ሰዓት? በምን?" የሚለውን ነው። አድማጭ ደግሞ "እንዴት ቻልሽው?" ይላል። ተጎጂውን "መስክር፣ ትድናለህ" ብሎ ወደ መድረክ ማምጣት ቃል ማጠፍ ነው። "ለፍትሕ ያስፈልገናል፣ ያምምሃል፣ ከዚያ በኋላ እንከታተልሃለን" ማለት ይሻላል።

ካሜራው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚወጣ ቃለ መጠይቅ ታሪኩን ከባለቤቱ እጅ ያወጣዋል። የሚቆረጠው የሚያስለቅሰው ክፍል ነው፤ አበባው ይወድቃል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ከሥሩ የማያውቁት ሰው ስድብ ይጽፋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ ያየዋል። ለአንዳንዶች ዓለም መስማቱ ክብር ሰጥቷቸዋል፣ እርዳታም አምጥቶላቸዋል፤ ይህ መካድ የለበትም። ግን ማጥፋት የማይቻል ነገር መሆኑን ማይኩ ከመከፈቱ በፊት ስንቱ ጠያቂ ይነግራቸዋል?

አንድ ነገር ደግሞ ከራሳችን ባህል። ሙሾ ያጽናናል፤ ሙሾ ደም ያስመልሳልም። በግጥሙ ውስጥ "ወንድም የለውም ወይ?" የሚል ጥያቄ ሲገባ የተቀመጠው ጎረምሳ ይሰማል። ፉከራና ቀረርቶ ቅርብ ነው። ታሪክ ሐዘንን ሊቋጭ ይችላል፣ ቂምንም ሊያወርስ ይችላል። ሽማግሌዎች "ያለፈውን አታንሱ" ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ይህን ነው፤ ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዝምታስ?

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። በሌላ በኩል "ሆድ ይፍጀው" ይባላል። ሁለቱም የእኛው ናቸው።

በሕይወታቸው ከባድ ነገር የደረሰባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ክትትሎች አብዛኛው ሰው ያለ ባለሙያ እርዳታ እንደሚያገግም ያሳያሉ። ሥራ፣ ልጅ ማሳደግ፣ እርሻ፣ ጸሎት፣ ጎረቤት ያሽሩታል። ዝም ያለ ሁሉ አልታመመም። ዝምታው ምርጫ ከሆነ፣ ሰውየው ይበላል፣ ይተኛል፣ ከሰው ይገናኛል ከሆነ፣ መተው ነው። ዝምታው ፍርሃት ከሆነ ግን ሌላ ነው። በተለይ ወንዶች። የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው ተብሎ ያደገ ሰው ሐዘኑ በመጠጥ፣ በቁጣ፣ በልጅ ላይ በሚያርፍ ዱላ ይወጣል። የተደፈረች ሴት ዝምታም እንዲሁ ነው፤ እሷ የምትፈራው ትዝታውን ብቻ ሳይሆን የመንደሩን አፍ ነው። ለእሷ ድንኳን ሙሉ ሰው አያስፈልጋትም። ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ነው የሚያስፈልጋት።

ከዚህ ወዴት?

ባለሙያ ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው። የነፍስ አባት፣ ሼህ፣ የእድር ዳኛ በየሰፈሩ አሉ። ማድመጥንም ከማንም በላይ ለምደውታል። የሚጎድላቸው አንድ ነገር ነው፤ መቼ ወደ ሐኪም መላክ እንዳለባቸው ማወቅ። ሰው ራሱን ስለ ማጥፋት ካወራ፣ ለሳምንታት ካልተኛና ካልበላ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ ከወራት በኋላም ከቤት መውጣት ካቃተው፣ ጸሎቱ ሳይቋረጥ ሐኪም ማየት አለበት። ከጸበል ጋር መድኃኒት መውሰድ ክህደት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ያው ምክር ይሠራል። በተለይ የጀመሩትን መድኃኒት "ጸበል ገብቻለሁ" ብሎ በድንገት ማቆም ብዙ ሰው ጎድቷል።

ሥልጠና ሰጪዎች ደግሞ ሦስት ቀን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰው አስለቅሶ መሄድን ቢተዉ መልካም ነው። የከፈቱትን ማን ይዝጋው? በአራተኛው ቀን የሚመጣ አድማጭ ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

የተበተነውን ሥርዓት መልሶ መሰብሰብም ይቻላል። የዘገየ ልቅሶ ልቅሶ ነው። ድንኳን ያልተተከለለት ሰው ከሦስት ዓመት በኋላም ሊተከልለት ይችላል፤ ፎቶው ይወጣል፣ ጋቢው ይያዛል፣ የሚያውቁት ሰዎች ይናገራሉ። እድሮች መዝገብ አላቸው። በዚያ ጊዜ የሞቱ፣ ግን ያልተለቀሰላቸው አባላት ስም እዚያ ውስጥ አለ። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን አውጥቶ ስሞቹን መጻፍ ይችላል። ከዚያ በየቤቱ ሄዶ፣ ቡና ላይ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱን ቤተሰብ መጠየቅ ነው፦ "አሁን እንቀመጥ ወይስ ትንሽ ይቆይ?"